በአዲስ ፓወር ሰፕላይ ላይ የአሮጌውን ኬብል መሰካት ይቻላል? ጥያቄዬና የተሰጡኝ 27 መልሶች

የመክፈቻ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ዓመት ገንዘብ ሳጠራቅም ቆይቼ የጌም ኮምፒውተሬን ዕቃዎች አንድ በአንድ ገዝቼ ጨርሻለሁ። ፕሮሰሰሩ የኤኤምዲ ራይዘን 7 9800ኤክስ3ዲ፣ ግራፊክስ ካርዱ የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 5090 ነው። ራሙ በጠቅላላው 64 ጊጋባይት ዲዲአር5 ሲሆን እያንዳንዳቸው 16 ጊጋባይት የሆኑ አራት ናቸው። ባለ 2 ቴራባይት ኤስኤስዲ አለኝ። ከአሮጌው ኮምፒውተሬም አንድ ሃርድ ዲስክ ፈትቼ እጨምርበታለሁ፤ ታናሽ ወንድሜና እኔ ለአሥር ዓመት አብረን የተጫወትናቸው ጨዋታዎች ፋይል ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። ማቀዝቀዣው ባለ ሦስት ፋን የውሃ ማቀዝቀዣ፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም ለዕቃዎቹ ሁሉ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ደግሞ 1000 ዋት ነው።

ጥያቄዬ ስለ ኬብል ነው። አሮጌው ባለ 750 ዋት ፓወር ሰፕላይ በጥቁርና በነጭ ክር የተሸፈኑ፣ ለዓይን የሚያምሩ ኬብሎች አሉት። በሁለቱም ጫፍ ይነቀላሉ። አዲሱ ፓወር ሰፕላይ የዚያው ኩባንያ ሥራ ነው። የአሮጌውን ኬብል ራስ በአዲሱ ላይ ሞክሬው ያለ ምንም ግፊት ገብቶ ቀጭ ብሏል። ስለዚህ አዲሶቹን ኬብሎች ካርቶናቸው ውስጥ ትቼ አሮጌዎቹን ልጠቀም አስቤአለሁ። ለግራፊክስ ካርዱም ከራሱ ጋር የመጣውን መለወጫ እሰካለሁ። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ልክ የገባ ኬብል የሚስማማ ኬብል ነው። ስህተት ካለኝ ኤሌክትሪክ ከመልቀቄ በፊት ንገሩኝ።

ይህን በአንድ የኮምፒውተር መወያያ መድረክ ላይ ጽፌ ተኛሁ። ጠዋት ስነሣ ስምንት መልስ ደርሶኝ ነበር፤ በሳምንቱ 27 ሆነ። አብዛኛው ከጥያቄዬ ርቆ ሄዷል፤ ጥቂቱ ግን ንብረቴን አትርፎልኛል። ይኸው ጥያቄ ያለበት ሌላ ሰው እንዲጠቀምበት፣ ማን ምን እንዳለ በተራው እጽፈዋለሁ።

1ኛ መልስ

የመጀመሪያው ሰው እንኳን ደስ ያለህ ብሎኝ፣ ጥያቄዬን ትቶ ስለ ሥራው ቦታ ጻፈ። ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ እንዳልገጣጥም፣ ማዘርቦርዱን (ዕቃዎቹ የሚሰኩበትን ሰሌዳ) ከመንካቴ በፊት ቀለም ያልተቀባውን የኬዙን (የኮምፒውተሩን ቀፎ) ብረት እየነካሁ ሰውነቴ ላይ የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ እንዳራግፍ መከረኝ። ማዘርቦርዱ የሚያርፍባቸውን የብረት መቆሚያዎችም እንድቆጥር ነገረኝ፤ ቦርዱ ቀዳዳ በሌለው ቦታ ላይ የቀረ አንድ መቆሚያ ከጀርባው ነክቶ ሾርት ያደርጋል። ቆጠርኩ። የእኔ ቦርድ ዘጠኝ ቀዳዳ አለው፤ ኬዙ ላይ ግን አሥር መቆሚያ ተተክሎ ነበር። ይህን ሰው ያላመሰገንኩት በጊዜው ስላልገባኝ ነው፤ አሁን አመሰግነዋለሁ።

2ኛ መልስ

ይህኛው በቀጥታ ራሜን ነቀፈ። ነቀፋው ትክክል ነው። በኤኤም5፣ የእኔ ፕሮሰሰር በሚሰካበት ዓይነት፣ ማዘርቦርድ ላይ አራት ራም መሰካት ይቻላል፤ ነገር ግን ሥራው የሚሄደው በሁለት መስመር ስለሆነ አራት ሲሆኑ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ጭነቱ ይበዛል፤ ፕሮሰሰሩም በፍጥነት ሊያነጋግራቸው ያቅተዋል። ኤኤምዲ ለአራት ራም በይፋ ያስቀመጠው ፍጥነት 3600 ብቻ ነው፤ ሁለት ራም ግን ብዙ ሰው 6000 ላይ ያለ ችግር ያሠራዋል። 64 ጊጋባይት የግድ ካስፈለገኝ አራቱን መልሼ ሁለት ባለ 32 እንድገዛ፣ ለጨዋታ ብቻ ከሆነ ግን ሁለቱን ባለ 16 ሰክቼ እንድተወው ሐሳብ አቀረበ። የሚሰኩትም ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ቦታ ላይ ነው።

3ኛ መልስ

ሁለተኛውን ደግፎ አንድ ነገር ጨመረበት። በዲዲአር5 የሚሠራ አዲስ ኮምፒውተር መጀመሪያ ሲበራ ማዘርቦርዱ ራሙን እየሞከረ ራሱን ያስተካክላል፤ ይህ ጥቂት ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። በዚህ ጊዜ ፋኖቹ ይዞራሉ፤ ሞኒተሩ ግን ጥቁር ነው። ብዙ ጀማሪ በዚህ ሰዓት ይደነግጥና ኃይሉን ያቋርጣል፤ ያኔ ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። እርሱ ራሱ አራት ጊዜ አቋርጦ፣ ማዘርቦርዱ ሞቷል ብሎ ወደ ሱቅ ይዞት ሄዶ እንደነበር ጻፈ።

4ኛ መልስ

ጥያቄዬን የነካ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው። በትሕትና፣ በሁለት መስመር፣ አሮጌዎቹን ኬብሎች እንዳልሰካ ለመነኝ። ለምን እንደሆነ አልጻፈም። ምክንያቱን ጽፎ ቢሆን ኖሮ ከዚህ በኋላ የመጣው ጭቅጭቅ ግማሹ ባልተነሣ ነበር።

5ኛ መልስ

ምክንያት አለመኖሩን ያየ ሰው ወዲያው ገባበት። እርሱ ፓወር ሰፕላይ ከቀየረ ሦስት ዓመት እንደሆነው፣ የድሮዎቹን ኬብሎች እስከ ዛሬ እንደሚጠቀም፣ አንድም ቀን ችግር እንዳልገጠመው ተረከ። ኬብል ማለት የመዳብ ሽቦ ነው፤ ሽቦ የትኛው ሳጥን ላይ እንደተሰካ አያውቅም ሲል ሞገተ። ይህ መድረክ ጀማሪ በማስፈራራት የተካነ መሆኑንም አከለበት፤ አራተኛውን መልስ የሰጠውን ሰው በስም ሳይጠራ ፈሪ አለው። እውነቱን ለመናገር፣ ባነበብኩት ጊዜ ደስ ብሎኛል፤ ልሰማው የፈለግኩትን ነው የነገረኝ።

6ኛ መልስ

ስድስተኛው ሰው ኬብሉን ወደ ጎን ትቶ ስለ ዋት ጻፈ፤ ብዙ የተማርኩበት መልስ ነው። ግራፊክስ ካርዱ እስከ 575 ዋት ይስባል። ፕሮሰሰሩ በወረቀት 120 ዋት ቢባልም ሲጨነቅ እስከ 162 ዋት ድረስ ይፈቀድለታል። ፋኖች፣ ፓምፕ፣ ዲስክና ማዘርቦርድ ሲጨመሩ ወደ 800 ዋት የሚጠጋ ነገር ይሆናል። ስለዚህ 1000 ዋት ይበቃል፤ ኤንቪዲያም ለዚህ ካርድ የሚመክረው ይህንኑ ነው። ከድምሩ በላይ የሚያሳስበው ግን በጣም ባጠረ ቅጽበት ካርዱ ከተጻፈበት በላይ የሚስበው ኃይል ነው። ኤቲኤክስ 3.0 እና 3.1 የሚባሉት ደረጃዎች የወጡት አንድም ለዚህ ነው፤ ፓወር ሰፕላዩ እስከ እጥፉ የሚደርስን ቅጽበታዊ ጭነት ሳይጠፋ መሸከም አለበት።

ሳጥኑ ላይ ስለሚለጠፈው የወርቅ ምልክትም አንድ እርማት ሰጠ። 80 ፕላስ የሚባለው ምልክት፣ ነሐስም ይሁን ወርቅ ወይም ታይታኒየም፣ ከግድግዳው ከተሳበው ኤሌክትሪክ ምን ያህሉ ለኮምፒውተሩ እንደሚደርስና ምን ያህሉ በሙቀት እንደሚባክን ብቻ ይናገራል። ወርቅ የሚባለው በግማሽ ጭነት ላይ ወደ 90 በመቶ ያደርሳል። ስለ ውስጡ ዕቃ ጥራት፣ አደጋ ሲመጣ ራሱን ስለ መዝጋቱ የሚለው ነገር የለም። እኔ ምልክቱን የጥራት ማኅተም አድርጌ ነበር የማየው።

7ኛ መልስ

አንዲት ሴት ለአምስተኛው ሰው በጨዋ ቋንቋ ጥያቄ አቀረበችለት። አሮጌውና አዲሱ ፓወር ሰፕላዩ አንድ ሞዴል ናቸው ወይስ የተለያዩ? የአንድ ኩባንያ መሆን ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ አንዱ ኩባንያ በተለያየ ጊዜ ከተለያዩ ፋብሪካዎች ያሠራል። ያንተ አልተቃጠለም ማለት የእርሱ አይቃጠልም ማለት እንዳልሆነም አስታወሰችው። ወንድሜ ብላ ነው የጀመረችው።

8ኛ መልስ

አምስተኛው ሰው ተመለሰ። ለጥያቄዋ መልስ የለም። ልምድ ያለው ሰው ሲናገር መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ ይነሣበታል የሚል ሐሳብ ነው የጻፈው፤ አጻጻፉም ስለ ኮምፒውተር የምታውቀው ነገር የለም የሚያሰኝ ነበር። ሰባተኛዋ አልመለሰችለትም። እኔ ግን እዚህ ላይ ጠረጠርኩ። ሞዴሉን ለመጻፍ አንድ ቃል ይበቃው ነበር።

9ኛ መልስ

ይህን መልስ ያነበብኩት ቆሜ ነው። ጸሐፊው የአንድ ሕፃን አባት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ፓወር ሰፕላዩ ሲያረጅበት ሌላ ገዛ። ኬዙን ከኋላ ከፍቶ ኬብሎቹን ሁሉ ከማውጣት አሮጌዎቹን እንዳሉ ትቶ ሳጥኑን ብቻ ቀየረ። ሁሉም በቦታው ገባ። የማብሪያውን ቁልፍ ተጫነ፤ ፋኖቹ ግማሽ ዙር ዞረው ቆሙ፤ ከዚያ እንደተቃጠለ ፕላስቲክ ያለ ሽታ መጣ። ኮምፒውተሩ በሁለተኛው ሙከራ በራ፤ ማዘርቦርዱም ካርዱም ደኅና ነበሩ። የጠፉት ሁለቱ ዲስኮች ናቸው። አንደኛው ላይ የልጁ የመጀመሪያ ዓመት ፎቶግራፎች ነበሩ፤ የተወለደበት ቀን፣ የመጀመሪያ እርምጃው። ሌላ ቅጂ አልነበረውም።

የኩባንያውን ስም አልጻፈም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው አለ እንጂ ማንንም አልከሰሰም። መጨረሻ ላይ በቀጥታ ለእኔ የጻፈው፣ የወንድሜንና የእኔን ሃርድ ዲስክ ሳልሰካ እንድቆይ ነው።

10ኛ መልስ

እኒህ ሰው አጽናኑት። ለዘጠነኛው ሰው ሐዘናቸውን ገልጠው፣ አስፈላጊ ፋይል በሦስት ቅጂ፣ አንደኛው ከቤት ውጭ ሆኖ መቀመጥ እንዳለበት ጻፉ። ያንኑ ምሽት የወንድሜን ፋይሎች ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጫለሁ።

11ኛ መልስ

ምክንያቱን ያመጡት እኒህ ሰው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ኤሌክትሮኒክስ የጠገኑ አዛውንት መሆናቸውን በአንድ ሐረግ ገልጠው በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ገቡ። ኬብል ሁለት ራስ አለው አሉ። ወደ ማዘርቦርድ፣ ወደ ካርድና ወደ ዲስክ የሚሄደው ራስ ደረጃ ወጥቶለታል፤ በየትኛው ቀዳዳ ስንት ቮልት እንደሚመጣ በዓለም ሁሉ አንድ ነው። ወደ ፓወር ሰፕላዩ የሚሄደው ራስ ግን ደረጃ የለውም። እያንዳንዱ አምራች የፈለገውን ሽቦ በፈለገው ቀዳዳ ያስቀምጣል፤ ከሞዴል ሞዴልም ይለውጠዋል። ፕላስቲኩ ግን ከዚያው ከተለመደው ዓይነት ስለሚወሰድ ይገባል፤ ቀጭም ይላል።

ለዲስክ የሚሄደው ኬብል 3.3፣ 5 እና 12 ቮልት ይዞ ነው የሚመጣው። በአሮጌው ሳጥን ላይ 5 ቮልት የነበረበት ቀዳዳ በአዲሱ ላይ 12 ቮልት ከሆነ፣ ኬብሉ ያንን 12 ቮልት ወስዶ የዲስኩ 5 ቮልት መግቢያ ላይ ያፈሰዋል። የዲስኩ ቦርድ ያለቀለት ያኔ ነው። የአምስተኛውን ሰው ሽቦ አያውቅም የሚል ነገር አንሥተው፣ ችግሩ ያ እንደሆነ አስረዱ፤ ሽቦው ስለማያውቅ ነው የተሰጠውን ሁሉ የሚያደርሰው።

ማንንም እንዳላምን፣ እርሳቸውንም ጭምር፣ ኬብሎቹን ራሴ በቴስተር እንድለካ አዘዙኝ። አካሄዱን በዝርዝር ጻፉልኝ።

12ኛ እስከ 16ኛ መልስ

እዚህ ላይ አንድ ሰው በመካከል ገብቶ፣ ይህን ሁሉ ገንዘብ ካወጣሁ ለምን የኢንቴል ፕሮሰሰር እንዳልገዛሁ ጠየቀ። አምስት መልስ በዚህ ሄደ። ለኤኤምዲ የቆመው የእ.ኤ.አ. 2024ን ነገር አነሣበት፤ የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ሲጎዱ፣ ኩባንያው በዚያ ዓመት ነሐሴ ማስተካከያ አውጥቶ ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዘመ። ለኢንቴል የቆመው ደግሞ 2023ን መዘዘ፤ አንዳንድ የራይዘን 7000 ኤክስ3ዲ ፕሮሰሰሮች ከሶኬታቸው ጋር ሲቃጠሉ ኤኤምዲ የአንዱን መስመር ቮልቴጅ በ1.3 ላይ እንዲገደብ አድርጓል። ሁለቱም እውነት ነው። ሁለቱም ግን የሌላውን እንጂ የራሱን ወገን ጉድለት አያይም ነበር፤ በ15ኛው ላይ ወደ ስድብ ወረዱ።

ከዚህ ሁሉ የሚረባው 14ኛው ነው። የእኔ ፕሮሰሰር በኅዳር 2024 የወጣ መሆኑን፣ 96 ሜጋባይት ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ማስታወሻ) እንዳለው፣ ቀደም ባሉት ኤክስ3ዲዎች ላይ ካሹ ከኮሮቹ (ስሌቱን ከሚሠሩት ክፍሎች) በላይ ተደርቦ ሙቀቱን ያፍነው እንደነበር፣ በዚህኛው ግን ከሥር ስለገባ ኮሮቹ ከማቀዝቀዣው ጋር በቅርበት እንደተገናኙ አስረዳ። ጨዋታ ከራም ደጋግሞ የሚያመጣውን ነገር ካሹ ውስጥ ስለሚያገኘው ነው የምስሉ ፍሰት የሚስተካከለው። ማንንም ሳይነካ ጽፎ ወጣ።

17ኛ መልስ

የመድረኩ አስተባባሪ ገብተው ሁለቱን ተከራካሪዎች ገሠጹ፤ ክርክራችሁን የራሳችሁ የውይይት ክር ከፍታችሁ ቀጥሉበት ብለው የ15ኛውን ግማሽ ሰረዙት።

18ኛ መልስ

ወደ ኬብል የመለሰን ይህ ሰው ነው፤ ይሁን እንጂ ወደ ሌላ ኬብል። ለግራፊክስ ካርዱ መለወጫ እሰካለሁ ያልኩትን አይቶ ነው። መለወጫው አራት ባለ 8 ፒን ራሶችን ወደ አንድ ባለ 16 ፒን ይሰበስባል፤ አንዱ ባለ 8 ፒን 150 ዋት ስለሚሸከም አራቱ 600 ይሆናሉ። አዲሱ ፓወር ሰፕላዬ ግን ከራሱ በቀጥታ የሚወጣ ባለ 16 ፒን ኬብል አለው፤ ያንን ካርቶን ውስጥ ትቶ አራት አሮጌ ኬብል መቀጠል ትርጉም እንደሌለው ነገረኝ። ካርቶኑን ከፍቼ አየሁ፤ ነበር።

ከዚያ ስለ መሰካቱ ጻፈ። ከ16ቱ ፒኖች 12ቱ ወፍራሞች ናቸው፤ ስድስቱ 12 ቮልት ይዘው ይሄዳሉ፤ ስድስቱ ይመልሳሉ። አራቱ ቀጫጭኖች መልእክት ብቻ ያስተላልፋሉ። 575 ዋት በ12 ቮልት ሲካፈል ወደ 48 አምፔር ነው፤ ለእያንዳንዱ ፒን 8 አምፔር ይደርሰዋል። ራሱ እስከ ጫፉ ካልገባ የሚነካካው ቦታ ይጠባል፤ የጠበበው ቦታ ይግላል፤ ፕላስቲኩም ይቀልጣል። በጥቅምት 2022 አርቲኤክስ 4090 በወጣ ጊዜ ብዙ የተወራው ይህ ነው። ኋላ የተሻሻለው 12ቪ-2ኤክስ6 የሚባለው ራስ ቀጫጭኖቹን ፒኖች አሳጥሯል፤ በደንብ ካልገባ ካርዱ እንዲያውቅ። ገፍቼ ካስገባሁ በኋላ በባትሪ ብርሃን ክፍተት መኖር አለመኖሩን እንዳይ፣ ኬብሉንም ከራሱ አጠገብ ቢያንስ ለ3 ሳንቲሜትር ተኩል እንዳላጥፈው አደራ አለኝ።

19ኛ መልስ

ኮምጠጥ ያለ እርማት ነው። ጥፋቱን ሁሉ ኮምፒውተሩን በገጣጠመው ሰው ላይ መጫን ልክ እንዳልሆነ፣ በ2025 መጀመሪያ አርቲኤክስ 5090 ከወጣ በኋላም የቀለጠ ራስ መታየቱን አስታወሰ። ኤንቪዲያ በራሱ በሠራው ካርድ ላይ ስድስቱ የ12 ቮልት ፒኖች ቦርዱ ላይ ወደ አንድ መስመር ስለሚገቡ፣ አንዱ ፒን ከድርሻው በላይ ቢሸከም ካርዱ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ደንበኛ ሁልጊዜ ተከሳሽ መሆኑ አስቆጥቶታል። ቁጣው ይገባኛል። 18ኛውም መልሶ ትክክል ነህ አለው፤ ነገር ግን በእጃችን ያለው የራሳችንን ድርሻ አጥብቆ መሥራት ነው የሚል ሐሳብ አከለ። በዚህ ክር ላይ ሁለት ሰዎች ተቃርነው ሳይቀያየሙ የተለያዩት እዚህ ብቻ ነው።

20ኛ እና 21ኛ መልስ

ስለ ውሃ ማቀዝቀዣው ናቸው። 20ኛው፣ ፓምፑ የሁሉም ከፍተኛ ቦታ ላይ እንዳይሆን አስጠነቀቀ፤ በውሃው ውስጥ ያለች ጥቂት አየር ወደ ላይ ስለምትወጣ ፓምፑ ውስጥ ገብታ ታንጫጫዋለች። 21ኛው ከማቀዝቀዣው ሥር ያለውን ስስ ፕላስቲክ እንድልጥ አስታወሰኝ። እርሱ ሳይልጠው ተርማል ፔስቱን (ሙቀት አስተላላፊውን ቅባት) ቀብቶ አስሮት፣ ኮምፒውተሩ በርቶ ብዙ ሳይቆይ በሙቀት እየጠፋበት ሁለት ቀን ምክንያቱን ሲፈልግ ኖሯል።

22ኛ መልስ

ይህ የእኔ ነው። አዛውንቱ እንዳዘዙኝ ከጎረቤት ቴስተር ተውሼ ሁለቱን የዲስክ ኬብሎች፣ አሮጌውንና አዲሱን፣ ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። የትኛውም ከኤሌክትሪክ ጋር አልተገናኘም። ቴስተሩን የሽቦ መቀጠል አለመቀጠልን በድምፅ የሚናገርበት ቦታ ላይ አዞርኩት። ወደ ዲስክ የሚሄደው ራስ 15 ቀጫጭን መነካኪያዎች አሉት፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት 3.3 ቮልት፣ ከሰባት እስከ ዘጠኝ 5 ቮልት፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት 12 ቮልት ናቸው። የቴስተሩ ጫፍ ወፍሮ አልገባልኝ ሲል የስፌት መርፌ ላዩ ላይ ጠምጥሜ አሰርኩበት።

በአዲሱ ጀመርኩ። ቀዩን ጫፍ በፓወር ሰፕላይ በኩል ካለው ራስ ላይኛው ረድፍ፣ ግራ ጥግ ላይ አስገባሁ። መርፌውን በ15ቱ ላይ አንድ በአንድ አስኬድኩ፤ ዝም፣ ዝም፣ ዝም። 13ኛው ላይ ጮኸ፤ 14 እና 15ም ጮኹ። ያ ቀዳዳ 12 ቮልት ነው ማለት ነው። ከዚያ አሮጌውን አነሣሁ፤ ያው ረድፍ፣ ያው ግራ ጥግ። መርፌው 7ኛው ላይ ሲደርስ ጮኸ። እጄን አነሣሁና እንደገና ሞከርኩ። 7፣ 8፣ 9። 13 ላይ ዝም።

ይህ ማለት አሮጌውን ኬብል በአዲሱ ሳጥን ላይ ሰክቼ ብለኩሰው ኖሮ፣ የወንድሜ ሃርድ ዲስክ 5 ቮልት በሚጠብቅበት ቦታ 12 ቮልት ይቀበል ነበር። አንድ ኩባንያ፣ አንድ ዓይነት ፕላስቲክ፣ ቀጭ የሚል አንድ ዓይነት ድምፅ። መክፈቻው ላይ የገባ ኬብል የሚስማማ ኬብል ነው ብዬ የጻፍኩት ሐሰት ነው፤ ማንም እንዳይከተለው ብዬ ሁለቱን ኬብሎች ፎቶግራፍ አንሥቼ፣ ቁጥራቸውን ጽፌ ከመልሴ ጋር አያይዣለሁ።

23ኛ መልስ

አምስተኛው ሰው ተመልሶ መጣ። ኬዙን ከፍቶ አይቷል። አሮጌው ፓወር ሰፕላዩ በዋስትና የተቀየረለት በዚያው ሞዴል ስለነበር፣ ኬብሎቹ ከመጀመሪያውም የዚያ ሞዴል ናቸው። ፈሪ ያለውን ቃል አላነሣም፤ ሰባተኛዋም አልጠየቀችውም። ሞዴሉን መጻፉ ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ከእርሱ መልስ ብቻ አንብቦ ሊሄድ የሚችል ሰው አሁን ይህን ያገኛል።

24ኛ መልስ

ሞኒተሬ ምን ዓይነት እንደሆነ ያልጻፍኩትን አንሥቶ ጠየቀኝ፤ 4ኬ፣ 240 ኸርዝ (በሰከንድ 240 ምስል የሚያሳይ) ነው አልኩት። በ4ኬ ሥራው በአብዛኛው የሚያርፈው ካርዱ ላይ መሆኑን፣ ፕሮሰሰሩ የሚፈተነው የምስሉ መጠን ሲያንስ እንደሆነ ነገረኝ። ሌላው ምክሩ ቀላል ነው፦ የሞኒተሩን ኬብል ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ካርዱ ላይ መሰካት፣ ከዚያ ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ 240 መሆኑን ማየት። ብዙ ሰው 60 ላይ እንዳለ ሳያውቅ ወራት ይጫወታል። በ60 አንድ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ይቆያል፤ በ240 ግን 4.2 ብቻ።

25ኛ እና 26ኛ መልስ

አንድ ሰው ላፕቶፑ እንደሚያጓራ ጽፎ ምክር ጠየቀ። ሌላው አቧራውን በአየር እንዲነፋ፣ ሲነፋ ግን ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣቱ እንዲይዘው መለሰለት። ከእኔ ጉዳይ ጋር አይገናኝም፤ ጥሩ መልስ ነው።

27ኛ መልስ

የመጨረሻው የእኔ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጀምሬ ማታ ጨረስኩ። አሥረኛውን መቆሚያ ነቀልኩት። ሁለት ራም ብቻ ሰካሁ፤ ለጊዜው 32 ጊጋባይት ይበቃኛል። ፕላስቲኩን ልጫለሁ። ባለ 16 ፒኑን ራስ ገፍቼ፣ በባትሪ ብርሃን ዙሪያውን አይቼ፣ እንደገና ገፋሁት። ኬብሎቹ ሁሉ ከአዲሱ ካርቶን የወጡ ናቸው፤ ጥቁር ናቸው፤ አያምሩም።

ቁልፉን ስጫን ፋኖቹ ዞሩ፤ ሞኒተሩ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ማዘርቦርዱ ላይ የራም ምልክት አጠገብ ያለችው ቢጫ መብራት በርታ ቆየች። እጄ ወደ ማጥፊያው ሊሄድ ሲል ሦስተኛውን ሰው አስታወስኩና ሁለቱን እጆቼን ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩባቸው። የግድግዳውን ሰዓት ሳይ ቆየሁ። ሦስት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቢጫዋ ጠፍታ ባዮሱ፣ የማዘርቦርዱ የቅንብር ገጽ፣ መጣ። ራሙ 4800 ይላል፤ ኤክስፖ የሚለውን፣ ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያሠራውን ቅንብር፣ ከፍቼ 6000 አደረግኩት። እንደገና ጥቁር፣ እንደገና ቢጫ። በዚህኛው ጊዜ አልፈራሁም።

ሞኒተሩ እንደተባለው 60 ላይ ነበር። ሃርድ ዲስኩን መጨረሻ ላይ ሰካሁት፤ መዞር ሲጀምር የሚሰማውን ድምፅ አውቀዋለሁ። ወንድሜን ደውዬ ጠራሁትና ፎልደሩን ከፈትኩለት።

አሮጌዎቹን ኬብሎች ከአሮጌው ፓወር ሰፕላይ ጋር በአንድ ካርቶን ውስጥ አስሬአቸዋለሁ። በካርቶኑ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ፣ ከ750ው ጋር ብቻ፣ ብዬ ጽፌበታለሁ።